ጉድጓዱ እስከ ሐሙስ ይደፈን

ሰኞ

ጉድጓዱ እስከ ሐሙስ ይደፈን ተባለ። የኮሌጁ ዲን አስጠርተውኝ፣ "ጓድ፣ ዓርብ ጎብኚዎች ይመጣሉ። የልጣጭ ክምር እናሳያቸው?" አሉኝ። ልጣጭ የነበረው በመጋቢት ነው፣ አሁን አፈር ሆኗል አልኳቸው። "አፈርማ የትም አለ" አሉኝ።

ምግብ ቤታችን የአትክልት ልጣጩን በአጥር ላይ እየወረወረ ለቦሌ ሚካኤል ጎረቤቶች "ያካፍል" ነበር። እኔ ደግሞ ስለ አፈር ለምነት በጠመኔ አስተምራለሁ። ሁለቱን አገናኘኋቸው። ተማሪዎቼ ልጣጩን ከቅጠልና ከአመድ ጋር ያበሰብሳሉ፣ ሙቀቱን ይለካሉ። የመጨረሻ ፈተናቸውም እዚያው ጉድጓድ ላይ ነው፣ ካልተደፈነ።

ማክሰኞ

ዝናብ። የችግኝ ተከላ ዘመቻ። ለእኛ ክፍል ማንም ያልፈለገው የጉድጓዱ ዳር ደረሰው። ተክላይ የሚባለው ተማሪዬ፣ "መምህር፣ ሌሎቹ ጨርሰው ሻይ ላይ ናቸው። የችግኙን ላስቲክ የምንቀድደው እኛ ብቻ ነን" አለ። ሄጄ አየሁ። ችግኙን ከነላስቲኩ ቀብረውታል። ለሪፖርት ሥር አያስፈልግም።

እኛ እየቀደድን፣ ብስባሽ እየጨመርን፣ መጨረሻ ወጣን። ማታ በውይይት ክበቡ "ዝግተኞች" ተብለን ሂስ ወረደብን። ግለ ሂሴን አቅርቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ

እትዬ አስካለ፣ የምግብ ቤቱ ወጥ ሠሪ፣ መጡ። በመጋቢት ልጣጩን ከሌላው ጥራጊ እንዲለዩልኝ ስጠይቃቸው፣ "ደግሞ ለቆሻሻ ምን መምረጥ ያስፈልገዋል?" ብለው የሳቁብኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ከጉድጓዱ ጎን ጎመን አላቸው።

"ልጄ፣ ሊደፍኑት ነው አሉ። ጎመኔስ?"

"ትእዛዝ ነው፣ እትዬ።"

"እስቲ ይድፈኑትና ምሳቸውን እናያለን።"

ሐሙስ

ሦስት ሠራተኞች አካፋ ይዘው መጡ። መድፈኛ አፈር የለም። አፈር ለማስመጣት የዲኑ ፊርማ ያስፈልጋል፣ ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሠራተኞቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጠው ሄዱ። አፈርማ የትም አለ።

ዓርብ

ጎብኚዎቹ መጡ። በሌሊቱ ዝናብ ከሌሎቹ ክፍሎች ችግኞች አንዱ ዘምሟል። ዲኑ ላቃናው ብለው ያዙት። ከነላስቲኩ እጃቸው ላይ ቀረ።

ዋናው እንግዳ ጎንበስ ብለው አዩት። "ላስቲክም ይበቅላል እንዴ?"

ወደ እኛ በኩል ተሻገሩና አንዱን ችግኝ ሳብ አደረጉት። ንቅንቅ አላለም። "ይኼንን ማን ተከለው?"

"ዝግተኞቹ ነን" አለ ተክላይ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ።

እንግዳው ከጉድጓዱ እፍኝ ዘግነው አሸተቱ። የአባታቸው ጓሮ እንዲህ ይሸት እንደነበር ነገሩን። ዲኑም ወዲያው፣ "ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው ጉድጓዳችን ነው" አሉ። ሁለተኛ እንዳለን ያን ጊዜ ሰማሁ።

ቅዳሜ

ሁለተኛው ጉድጓድ እየተቆፈረ ነው፣ በዲኑ መስኮት ሥር። ቦታውን የመረጡት እትዬ አስካለ ናቸው። ኮሌጁ በሙሉ ችግኙን እያወጣ ላስቲክ ይቀድዳል። አቀዳደዱን የሚያሳየው ተክላይ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ሹም እየተጎማለለ።

ፈተናው ሰኞ በጉድጓዱ ላይ ይሰጣል። ተክላይ ግን ደብተሩን የከፈተ አይመስለኝም።