ፀዳለ ያለ አሠራር ያገኘችው መልስ

ውድ ወንድሜ ሀብተወልድ፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ሳልህ የሌኒንግራድን ብርድ ቻለው? እኛ በአካል ደህና ነን፤ ጭንቀት ግን ቤታችን ገብቷል። በተራ በተራ ልንገርህ።

አንደኛ፣ ልጄ ፀዳለ ማትሪክ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ከትምህርት ቤት ልትባረር ነው። በሒሳብ ፈተና ላይ ሠላሳ ሰባት ቡድኖች በጥሎ ማለፍ ኳስ ቢጫወቱ አንድ አሸናፊ እስኪቀር ስንት ጨዋታ ይደረጋል የሚል ጥያቄ መጣ። እሷ ሠላሳ ስድስት ብላ ጽፋ አለፈች። አስተማሪዋ ጓድ ኢዶሳ አሠራሩ የታለ፣ ከማን ኮረጅሽ አላት። ታየኝ ብትለው ጠንቋይ ነሽ እንዴ ብሎ ክፍሉን ሙሉ አሳቀባት። ከዛሬ ጀምሮ በሚቀሯት አሥራ ሁለት ቀናት ውስጥ አስተማሪዎቹ ፊት ሰሌዳ ላይ ሠርታ ካላሳየች አለቀላት።

ሁለተኛ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤት ሰው መሆኔን ታውቃለህ፤ በቁጥር ያልተደረደረ ነገር አይገባኝም። ራሴ ዙር በዙር ለሁለት እያካፈልኩ ሠራሁት፦ አሥራ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። ሠላሳ አራት መጣልኝ። ተሳስተሻል ብዬ መልሱን በገዛ እጇ አሰረዝኳት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጥያቄውን ሁሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ካልጻፈች ከወንበር እንዳትነሳ አደረግሁ።

የገባኝ ትናንት ከሾላ ስመለስ ነው። የቡድኖቹ ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን ሳይጫወት የሚያልፈውን ረስቼው ነበር። እሱ ሲገባ ልክ ሠላሳ ስድስት! ደግሞስ በየጨዋታው አንድ ቡድን ይወጣል፣ አንዱ ብቻ ይቀራል፤ ምን ያስደምራል? ሮጬ ነገርኳት፤ ግን ምን ዋጋ አለው። አሁን ቀላሉም አይታያትም፤ እርሳስ ስትይዝ ትደነግጣለች።

ሀብቴ፣ አንተ ኮምፒዩተር የምትማር ሰው ነህ። ማሽኑ ተራውን ካልነገሩት ምንም አያውቅም ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ሰውስ? መጀመሪያ ታይቶት፣ ተራውን ኋላ ማስያዝ ይችላል ወይ? ይችላል ካልክ ለእሷ በስሟ ቴሌግራም አድርግላት። የእኔን ቃል አታምንም፤ እውነቷን ነው። ደብዳቤውን ነገ ወደዚያ ለሚበር ተማሪ እሰጠዋለሁ። ስለ እናታችን ብለህ እንዳትዘገይ።

እማማ ከእንጦጦ ወርዳ እኛው ጋ ናት፤ ጉንጭህን ትስማለች። ባለቤቴ ጥሩብርሃን ወፍራም ልበስ ትልሃለች። ፀዳለን አንቺም ለአጎትሽ አንድ መስመር ጨምሪበት ብላት፣ ብዕሩን ያዘችና፣ አባዬ፣ መጀመሪያ የቱ ይጻፋል አለችኝ።

ወንድምህ ተሾመ
የካ፣ ሾላ ገበያ አጠገብ
መጋቢት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.