የዓሣ መኪናችንን ኮምፕሬሰር ለወሰዱ ጓድ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የሐይቅ ዳር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የበላይ ተቆጣጣሪ
ባሕር ዳር፣ ጥር 1975 ዓ.ም.

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሙቀቱ እንዳልጎዳዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንዳይጎዳዎ ማኅበራችን ሳይጠየቅም ቢሆን ብዙ ሰጥቷልና። እኔ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር መኪና ነጂ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ ሌላውም እንዲያነብበው በማኅበራችን በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬ በተራ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ የመኪናዎ ማቀዝቀዣ ሞቃት አየር መንፋት፣ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋውም፣ መጮህ ሲጀምር፣ መካኒኩ አካሉ ኮምፕሬሰሩ ዘይትና ጋዝ እያፈሰሰ መሆኑን ነግሮ፣ እስኪጠገን ማቀዝቀዣውን እንዳይከፍቱት ለምኖዎት ነበር። እርስዎ ግን ኮምፕሬሰር ለአመራር አልታዘዝም ይላል ብለው ስለማያምኑ፣ ዘይቱ ደርቆ እስኪነክስና መዞር እስኪያቆም ድረስ አሠሩት። ስለ ጽናትዎ እናመሰግናለን።

2ኛ/ ከዚያ የእኛን የዓሣ መኪና ኮምፕሬሰር አስፈትተው ወሰዱ። በሁለቱ መኪኖች መካከል ይህን ያህል ወንድማማችነት እንዳለ እኛ አናውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጭነው ቀረሶ ዓሣ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ይሸታል፤ ባለፈው ሳምንት ጭነቱን በሙሉ መንገድ ዳር ቀበርሁት። ዓሣ እየሰነጠቀች ልጆቿን የምታሳድገው ባንቺአየሁ ባዶ እጄን ስመለስ አይታ ቢላዋዋን ጠርጋ በጨርቅ ጠቀለለችው። ሥራ ፈትነቷን ለባለቤቱ ላደርስ ወደድሁ።

3ኛ/ አካሉ፣ አሮጌው ኮምፕሬሰር ሲፈጭ የተወው የብረት ብናኝ በቧንቧው ውስጥ ስላለ ሳይታጠብ ሌላ አይገጠምም ቢልዎ፣ የአብዮቱን ግለት ታቀዘቅዛለህ ብለው ገሠጹት። የተጠራው ለማቀዝቀዝ መሆኑን ያስታወሰዎት ሰው አልነበረም። ትናንት በፋሲሎ ሰፈር ሲያልፉ ቺንጋው እንደገና ሲጮህ ሰማሁ። ያ የእኛ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ ዓሣ የሚፈለገውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሰራችን እንደ አሮጌው የእርስዎ ሳይነክስ እወስደዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ ከቢሮዎ በር ላይ እቆማለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ መኪናዎን የት እንደሚያቆሙልኝ እንዲያስቡበት ያህል ነው።

መስኮት ከፍቶ የሚነዳ፣ ላቡን በእጁ የሚጠርግ፣ የእርስዎን ምቾት ግን ለአፍታ የማይዘነጋ፣
አምባቸው ወልደ ገብርኤል

ማስታወሻ፦ ብርድ ደኅናውን ያቆያል እንጂ የሸተተውን አይመልስም። ይህን ዓሣ ስጭን ኖሬ ያረጋገጥሁት ስለሆነ፣ ኮምፕሬሰሩ ለእርስዎ እንደማይጠቅም በሙሉ እምነት እገልጽልዎታለሁ።