ላሞቹ የሚሰክሩበት መስክ

ለምወድህ ወንድሜ ለፓኦራ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ዶሪንስ፣ ትንሿ ልጃችሁ ንጋይሬስ ደህና ናቸው? የማዕድን ጉድጓዱ አቧራ ደረትህን ተወት አደረገልህ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ያልደወልኩልህ ስልኩ ያለው አባባ ከተኛበት ክፍል በር ላይ ስለሆነ ነው። ጆሮው እንደምታውቀው የሚደነቁረው ለማይፈልገው ወሬ ብቻ ነው።

አምና በላይኞቹ መስኮች አዲስ ሳር ዘርተንባቸው ነበር። አበቃቀሉ ዓይን ያጠግባል። ዘንድሮ በጋው ሲገባ ግን ሳብ ባደርገው እንደ ምንጣፍ ተገፎ ተነሳ፤ የጥቁሩ ጢንዚዛ ትል ሥሩን በልቶ ጨርሶታል። የግብርና ባለሙያዋ መጥታ አየችና ዘሩን የት አስቀምጣችሁት ነበር አለችን። አባባ አይጥ እንዳያገኘው ብሎ ማለቢያ ቤቱ ውስጥ፣ ከውሃ ማሞቂያው በላይ ቆጥ ላይ ነበር የከተተው። ለካ በዘሩ ውስጥ ዓይን የማያየው ሻጋታ ይኖራል፤ ጢንዚዛውን የሚያሸሸው እሱ ነው። ሙቀት ሲበዛ ዘሩ ይተርፍና ሻጋታው ይሞታል። አባባ ይህን ሰምቶ፣ «ሻጋታ አበላሸ ተብሎ የተወቀሰ ሰው ከእኔ በፊት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

አሁን ሳር ያለው ቦዩ ዳር ባለው በአያታችን መስክ ብቻ ነው። የድሮው ሳር ሻጋታው ስላለበት ጢንዚዛ አያስጠጋም። ያው ሻጋታው ግን በድርቅ ጊዜ ላም ያሰክራል። አንተ እያለህ በዚህ ወቅት በሩ አይከፈትም ነበር። አባባ «ተርበው ከሚሞቱ ሰክረው ይደሩ» ብሎ ከፈተው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊያያቸው ሄዶ ሲዘገይብኝ ተከተልኩት። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ አንዷ ላም ቦዩ አፋፍ ላይ ወድቃ ትንፈራገጣለች፤ አባባ በጀርባው ተጋድሟል፣ አንድ እግሩ ከሥሯ ነው። ሌሎቹ አንገታቸው እየተንቀጠቀጠ ዙሪያውን ቆመዋል። ፓኦራ፣ መሮጥ አልቻልኩም! የሰከረች ላም ከደነገጠች እዚያው ባለችበት ትወድቃለች ብሎ ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። ውሻውን አጥሩ ላይ አሰርኩትና ለቁርባን እንደምትቀርብ ሴት ቀስ ብዬ በመካከላቸው ሄድኩ። መጮህ የለ፣ ማልቀስ የለ። አጠገቡ ስደርስ በሹክሹክታ፣ «ቀስ በይ ልጄ፤ ከኋላሽ ያለችው ልትወድቅ ነው» አለኝ። ላሟ ስትገላበጥ ጎትቼ አወጣሁት።

እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል። እሱ ግን በክራንችም ቢሆን ወደ ላሞቹ እሄዳለሁ እያለ ነው። እማማ ብትቆጣው፣ «ያገባሽው እግሬን ነው እንዴ?» አላት።

ስለዚህ ያልተደፈረውን ደፈርኩ። ከብቱ ወደ ስሜ ከዞረ ቢቆይም የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ከእማማ ጋር ብቻ ተማክሬ ሁሉንም ሸጥኳቸው። የቦዩን መስክ ቆልፌዋለሁ፤ ከፋሲካ በፊት ባለው ሰኞ የጭነት መኪናው እስኪመጣ ድረስ ያለን ድርቆሽ ያደርሳቸዋል። አባባ አልሰማም። ያን ቀን በመስኮት ሲጫኑ ያያቸዋል። ወንድሜ፣ ላሞቹ መካከል ሆኜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ዕድሜውን በሙሉ ጎህ ሳይቀድ ለእነሱ የተነሳ ሰው ባዶ በረት ሲያይ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እባክህ ከሰኞው በፊት ድረስልኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።

እማማ ሦስታችሁንም ትስማለች፤ የኩማራ ስኳር ድንቹ ዘንድሮ እንዳማረላት ለዶሪን ንገርልኝ ብላለች። ባለቤቴ ሄናሬ እጅ ይነሳል። ንጋይሬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። አባባም ለአንተ እንደምጽፍ ሲያውቅ፣ «ስለ ላሞቹ ከጠየቀሽ ደህና ናቸው በይው፤ ልጁን አታስጨንቂብኝ» ብሎኛል።

እህትህ ሂኔዋይ
ዳርጋቪል፣ እሑድ ማርች 6 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.