የይሻው ጄት

ጥቅምት 14፣ 1994

የዳቦ ቤቱን ታፔላ ጨረስኩ። “ትኩስ” ከሚለው ላይ “ኩ” ትንሽ ዘመም ብላለች... ባለቤቱ አላያትም። ብርዱ ስለገባ ቀለም ቶሎ አይደርቅም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ሱቁ በር ላይ ቆመች። በብብቷ የካርቶን ሣጥን ይዛለች።

“አየር ኃይል የነበሩት ጋሼ ተስፋነህ እርስዎ ነዎት?”

ነኝ አልኳት። ማን ነገራት? ደብረ ታቦር የሚያውቀኝ በታፔላ ቀቢነቴ ነው።

“ፈንታነሽ እባላለሁ። አስተማሪ ነኝ። የመቶ አለቃ ይሻው እኅት።”

ብሩሹን አስቀመጥኩ።

የይሻው መካኒክ እኔ ነበርኩ። መሰላሉን የማስደግፍለት፣ ቀበቶውን የማስርለት፣ ክዳኑን ዘግቼ የምወርደው። በ1980 አንድ ጠዋት ከአስመራ ተነሣ፣ አልተመለሰም። የደቡብ ጎንደር ልጅ መሆኑን፣ እኅት እንዳለችው ዐውቅ ነበር። እዚሁ ከተማ፣ በዚህ መንገድ የምታልፍ እንደሆነች ግን በምን ልወቅ?

ሣጥኑን ከፈተችው። የፕላስቲክ ሚግ ጄት ነው፣ የሚገጣጠም። ይሻው ሩሲያ ሲማር ገዝቶ ያመጣላት። “ያኔ ልጅ ነበርኩ። ‘በሚቀጥለው ዕረፍት አብረን እንገጥመዋለን’ አለኝ።” አልተገጠመም። እናታቸው የሚኖሩት አንበሳሜ ከተማ ነው፣ ዐይናቸው እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄ የሚበርበትን ነገር አንድ ጊዜ ልየው እያሉ አስቸግረዋታል።

“እንደ ራሱ አውሮፕላን አድርገው ይሥሩልኝ” አለችኝ።

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ ሌላ?

ጥቅምት 15

ትናንት ማታ ለሚስቴ ለብርቱካን ነገርኳት። ወጥ እያማሰለች ነበር። ቀና ሳትል “ቤት እንዳታስገባው” አለች።

ልክ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ጄት በመጣ ቁጥር እናቷን አዝላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጫካ ትሮጥ ነበር። እናቷ አንድ ቀን እዚያው ጀርባዋ ላይ አረፉ። ጥይት አልነካቸውም፣ ድንጋጤ ነው። ስንጋባ ይህን ነግራኝ፣ እኔም ሥራዬ ምን እንደነበረ ነግሬያት፣ ሁለተኛ አላነሣነውም። እስከ ትናንት።

ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው።

ጥቅምት 19

ሣጥኑን በደንብ አየሁት። የራሱ ማጣበቂያ ድንጋይ ሆኗል። በሱፐር ግሉ እሞክራለሁ። ለመርጨት መሣሪያ የለኝም፣ ቀጭን ብሩሽ ይበቃል።

የጀመርኩት ከውስጥ ነው፣ ከመቀመጫው። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ እጅ አይገባም። የውስጡ ቀለም ትዝ ይለኛል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የተዋሐዱበት፣ የሐኪም ቤት ግድግዳ የመሰለ። ሦስት ጊዜ ደባልቄ አገኘሁት። መቆጣጠሪያዎቹን በእንጨት ስንጥር ጫፍ ነጠብጣብ አደረግኋቸው። ቀበቶውን ከሲጋራ ብርማ ወረቀት ቆረጥኩ፣ በወረንጦ ይዤ አስቀመጥኩ።

ይሻው ቀበቶውን ሳስርለት “አጥብቀው ተስፋ፣ እንዳልወድቅብህ” ይለኝ ነበር። ሁልጊዜ ያቺኑ ቀልድ። ሁልጊዜም እስቃለሁ።

ጥቅምት 27

ሁለቱን የሆዱን ግማሾች አጣበቅኩ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ኅዳር 6

መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አለሰለስኩት። ከዚያ ቀለም... ላዩ አሸዋማና አረንጓዴ፣ ሆዱ የሰማይ ቀለም። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የሩሲያ ቀይ ኮከብ ተውኩት። የእኛን አየር ኃይል ክብ ምልክት በእጄ ሣልኩ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። የአፍንጫውን ቁጥር ሳይጠይቀኝ እጄ ጻፈው።

ፈንታነሽ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ጎራ አለች። ደስ አላት። “ሠዓሊ እንኳን እንዲህ አይሥለውም። በቃ፣ እንዲሁ ይሁን።”

“ገና ነው” አልኳት። “የይሻው እንዲህ አዲስ አልነበረም። በዘይት የወዛ፣ በጭስ የጠቆረ፣ ቀለሙ የተላላጠ ነበር።”

“ታዲያ ለእማዬ የቆሸሸ ልስጣቸው?”

“እንደ ራሱ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።”

ቀጥላ ሌላ ነገር ጀመረች። እናቷ ተዝካር አላወጡም። ፍትሐትም አልተፈታም። ልጄ በዣንጥላ ወርዶ አንድ አገር ተቀምጧል፣ መንገድ ሲያገኝ ይመጣል ነው የሚሉት። ለሕያው ሰው ፍትሐት ማስፈታት ሟርት ነው ይላሉ።

“እናንተስ ምን ተብላችሁ ነው?” አልኳት።

“ወታደሮች መጥተው ከግዳጅ አልተመለሰም አሉን። ይኸው ነው።”

ይኸው ነው? የዚያን ዕለት በሌላ ጄት አብሮት የበረረው አብራሪ ተመልሶ አርፎ ነበር። ከመሰላሉ ሲወርድ ክንዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። “ተራራ መታ። ዣንጥላ አላየሁም። ዞሬ ዞሬ አየሁ፣ የለም” አለን። አለቆቹም ሰሙት። እስከ ዛሬ ለቤተሰቡ ተነግሯል ብዬ ነው የኖርኩት። ማን ይደብቀዋል ብዬ?

ነገርኳት። ምን አማራጭ አለኝ?

የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። “እኔስ ጠርጥሬ ነበር” አለች። ከዚያ ደግሞ፣ “ለእማዬ ማን ይነግራቸዋል?”

ሁለታችንም ጄቱን እናይ ነበር። “እኔ ይዤው እሄዳለሁ” አልኳት።

ኅዳር 16

ትናንት ጾመ ነቢያት ገባ።

ጥቁር ቀለም በአኳራጅ አቅጥኜ በመስመሮቹ ላይ ለቀቅኩት። ራሱ እየሮጠ ስንጥቁን ሞላው። የተረፈውን በጨርቅ ስጠርግ ገጽታው ተቀየረ። ዕድሜ አገኘ። ለጭስ ማውጫው የኩራዝ ጥቀርሻ በጣቴ ወደ ኋላ አሸሁ። ሆዱ ላይ ዘይት የሚያንጠባጥብባትን ቦታ አስታወስኩ፣ ሁለቴ ፈትቼ ገጥሜያት ያልተወችን ጉድ ናት... ቡናማ መስመር ሳብኩላት።

በመጨረሻ በግራ በኩል፣ መሰላሉ አጠገብ። ይሻው ሲገባ የሚረግጣት ቦታ ነበረች። ቀለሟ አልቆ ብረቷ ያበራ ነበር። በመርፌ ጫፍ ፋቅኳት፣ ሥሯ ቀድሜ የቀባሁት ብርማ ቀለም አለ። ትንሽ ፋቅሁ፣ አየሁ፣ ትንሽ ጨመርኩ።

ብርቱካን ምሳ ይዛ መጣች። ሱቅ ብዙም አትመጣም። ሳህኑን አስቀምጣ ቆመች።

“እንዲህ ናት እንዴ?” አለች። “ስትጮህ የአገር ያህል ነበረች።”

ይሻው ጄት እናንተ ላይ መምጣት ሳይጀምር ሞቷል ልላት ነበር። ቢኖር ግን እሱ ይላክ ነበር፣ እኔም አስነሣው ነበር። ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩ።

“መቼ ነው የምትወስድላቸው?”

“በሚቀጥለው ሳምንት።”

“ልጃቸው መሞቱን ልትነግራቸው ብቻህን አትሄድም” አለች። “እመጣለሁ።”

ኅዳር 23

አንበሳሜ ደርሰን ተመለስን። ልጽፈው ነው፣ እንዳይጠፋኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። የገበያ ሰው ሞልቷል። አንዱ ገበሬ “ዕንቁላል ነው?” አለኝ። አዎ አልኩት።

የይሻው እናት እማማ ያለምወርቅ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ትንሽ ሴት ናቸው። ይሻው ግን ረጅም ነበር... ፈንታነሽ “እማዬ፣ ይሻውን የሚያስነሣው ሰው ይኸው” አለች። እጄን ስመው አላለቀቁኝም።

ጄቱን ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። ወደ ብርሃኑ ዞረው አዩት። ዐይናቸው አላደርስ ሲል በጣታቸው ጀመሩ። ከአፍንጫው ወደ ጅራቱ፣ ከዚያ በክንፉ ሥር። ጥቀርሻው ጣታቸውን አጠቆረው። አልጠረጉትም።

“ይቺ ሻካራዋ ምንድን ናት?”

“ሲገባ የሚረግጣት ናት፣ እማማ። ጫማው ልጦት ነው።”

ጣታቸውን እዚያች ላይ አቆዩ። ረጅም ጊዜ።

“ከዚህ የት ይቀመጣል?”

አሳየኋቸው። ክዳኑን ስላላጣበቅሁት በጎን ተከፈተ። ወንበሩን ነኩ።

“ጠባብ ናት።”

“ጠባብ ናት።”

“ይኸው ይከፈታል እኮ” አሉ። ፈገግ ብለው ወደ ፈንታነሽ ዞሩ። “አላልኩሽም? ከፍቶ ወርዷል ልጄ።”

ፈንታነሽ አየችኝ።

“እማማ” አልኩ፣ “በሰማይ ላይ እንዲህ በእጅ አይከፈትም። ማስወጫ አለው፣ ሲስቡት ወንበሩን ተኩሶ ያወጣዋል፣ ዣንጥላው ይዘረጋል። ጓደኛው አጠገቡ ነበር። ዣንጥላ አላየም። አውሮፕላኑ ተራራ መታ።”

“አንተ አየህ?”

“አላየሁም። ያየው እንደወረደ ነገረኝ።”

“እያለቀሰ?”

“እያለቀሰ።”

ውጭ አንድ ሰው ከብቶቹን እየተቆጣ ያልፍ ነበር። እሱ እስኪያልፍ ጠበቁ።

“ልጄ ያን ዕለት ምን አለህ?”

“አጥብቀህ እሰረኝ አለኝ።”

“አሰርከው?”

“አሰርኩት።”

“ደግ አደረግህ” አሉ። ክዳኑን በጣታቸው መልሰው ዘጉት። “ፈንታነሽ፣ እንግዶቹ እህል ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ። እኔ ጋደም ልበል።”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ስንመለስ ብርቱካን እስከ ደብረ ታቦር አለቀሰች። ለማን እንደምታለቅስ አልጠየቅኋትም።

ታኅሣሥ 8

ከፈንታነሽ ወሬ የለም። ዛሬ በትምህርት ቤቱ በኩል አልፌ ነበር... አልገባሁም።

ታኅሣሥ 11

አሮጊቷን ተስፋቸውን ቀማኋቸው? በእሱ ነበር እኮ የቆሙት። ብርቱካን “እውነቱን ነው የሰጠኻቸው” አለችኝ። እውነት ለእናት ምን ያደርጋል?

ታኅሣሥ 20

ፈንታነሽ መጣች። ከስታለች።

እናቷ ለብዙ ቀን አልተናገሩም። ለይሻው ያሠሩት ጋቢ ነበር፣ ሲመጣ የሚለብሰው፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ፀሐይ የሚያሰጡት። ባለፈው እሑድ ከሣጥን አውጥተው አጣጠፉት፣ ራሳቸው ተሸክመው ለመንደሩ ካህን ለቄስ ወርቁ ሰጡ። “ለልጄ ነፍስ” ብለው። ሲመለሱ “ጠጉሬን ላጩኝ” አሉ። ፈንታነሽ ናት የላጨቻቸው።

“አሁን ያለቅሳሉ?” አልኳት።

“አያለቅሱም። ይሠራሉ። ጌሾ ይወቅጣሉ፣ ብቅል ያሰጣሉ። ከጥምቀት በኋላ ተዝካሩን እናወጣለን ብለዋል። እርስዎ እንዳይቀሩ፣ ሚስትዎም።”

ጥር 4

ቀዝቃዛ። ለቀበሌው ታፔላ እየቀባሁ ነው። ብርቱካን ለአንበሳሜ የሚሆን በርበሬ አዘጋጅታለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የካቲት 9

ተዝካሩ ወጣ።

መንደሩ ሁሉ መጥቷል። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። በለቅሶው ቦታ ወንበር አቁመው ፎቶውን አደረጉ፣ ከሥሩ ጄቱን። ሰው እየዞረ ያየዋል። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቆዩና፣ “እንዲህ ያለችው ሁለት በሬ ገድላብኛለች” አሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፎቶው ፊት ቆሙ፣ እንደ ሌላው አለቀሱ። ብርቱካን ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ደረቷን ስትመታ አየኋት።

ካህናቱ ሲጀምሩ ቄስ ወርቁ ወደ እኛ ዞሩ። “የክርስትና ስሙ ማን ነው?”

ፈንታነሽ አታውቀውም። ሌላም የሚያውቅ የለም። ሁሉም ወደ እናትየው ዞረ። እማማ ያለምወርቅ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ቄሱ አልቸኮሉም።

“ወልደ ሰንበት” አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ነው የጮኹት። ያን ያህል ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ፈንታነሽና ብርቱካን ግራና ቀኝ ደገፏቸው። ካህናቱ “ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት” እያሉ ሲያሳርጉ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ያን ሁሉ ጊዜ አብሬው በልቻለሁ፣ አስነሥቼዋለሁ፣ ተቀብዬዋለሁ። ነፍሱ የምትጠራበትን ስም ግን አላውቅም ነበር።

ማዕዱ ካበቃ በኋላ ልሰናበታቸው ገባሁ። ድምፃቸው ዘግቷል። ፊታቸው አብጧል፣ ግን ሌላ ሰው ሆነዋል... ሸክም ያወረደ ሰው።

“ትጸልያለህ?” አሉኝ።

“አንዳንዴ።”

“እንግዲህ ስትጸልይ ይሻው አትበል። ይሻው ይመጣል ስንለው የነበረው ነው። ወልደ ሰንበት በለው።”

እሺ አልኳቸው።

ወልደ ሰንበት። ነፍስህን በገነት ያኑራት።