ሶኬቱን ኪሱ ይከት ለነበረው ሰው

ውድ አስማረ፣

የቀብርህ ዕለት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው ለጓደኛው «ምስኪን፤ ጣቱን አሟልቶ ሄደ» ሲለው ሰማሁ። ነጠላዬ ፊቴ ላይ ስለነበር ዞሬ አላየሁትም፤ ቃሉን ግን እንዳለ ተቀበልኩት። በዚያ ቀን ስለ አንተ ከተነገረው ሁሉ የማያጠያይቀው እሱ ብቻ ነበር። ጨዋታ አዋቂ ነበር አሉህ፤ እኔ ያን ጨዋታ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ተቆጥቶ አያውቅም አሉህ፤ የደነዘ መሮ ሲያቀብሉህ ያላዩ ናቸው። ጣቶችህ ግን በእርግጥ ሙሉ ነበሩ። ነገሩ የአናጢዎች ቀልድ እንደሆነ የነገሩኝ በኋላ ነው፤ ጣቱ ያልጎደለውን አናጢ ሥራ እንዳልጀመረ ነው አሉ የሚቆጥሩት። ይቁጠሩት። እኔ እስከ ዛሬ እንደ ምስጋና ይዤዋለሁ።

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ጠላው ቀጠነ ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ካለም ጠጥቶ ነው የሄደው። ልብህ በተቀመጥክበት ከዳችህና ሻይህ ሳይበርድ ሄድክ። ብዙ ጊዜ የማስበው ምን መሰለህ፣ ለልብ መከለያ የሚሠራላት ቢሆን ኖሮ ከቆርቆሮ ቀጥቅጠህ ትገጥምላት ነበር፤ ያውም ደጋግመህ ለክተህ።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ቤተልሔም ተመርቃ ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች፤ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «በልተሻል ወይ» ብላ ነው፣ እኔ ልጅ እሷ እናት ሆነናል። ደጃፉ ላይ የነበረው ኮክ በነፋስ ወደቀ። ሱቄ እንዳለ ነው፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ያገለገሉ መጻሕፍት። መጻሕፍቱን ከመሸጤ በፊት አነባቸዋለሁ፤ ስለማይሸጡም ጊዜ አላጣም። ወርክሾፑን ታናሽ ወንድምህ ሙሉቀን ይዞታል። አንተ አንድ በር ስታስተካክል በምትቆይበት ጊዜ እሱ ለሙሽራ ቤት የሚሆን ዕቃ አሟልቶ ያስረክባል። ሰው ይወደዋል። እኔም እወደዋለሁ፤ ዕረፍት ያጣሁትም ለዚህ ነው።

የመጋዝ ማሽኑን የምላጭ መከለያ፣ ያን አንተ ከቆርቆሮ የሠራኸውን ግማሽ ጨረቃ የሚመስለውን፣ በገባ በወሩ አወለቀው። የምቆርጥበትን መስመር ይጋርደኛል አለ። አሁን ተገልብጦ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል። እስካሁን በዶሮዎቹ ላይ የደረሰ አደጋ የለም።

እኔና ወርክሾፑ በአንድ ግድግዳ እንደምንገናኝ ታውቃለህ፤ ወንበሬም እዚያው ግድግዳውን ተጠግቶ ነው ያለው፣ አንተ ያስቀመጥክበት። ቀኑን ሙሉ የመጋዙ ጩኸት አብሮኝ ይውላል። ሲጮህ አያሳስበኝም። ሲጮህ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። የሚያስነሳኝ ዝም ሲል ነው። እንጨቱ አልቆ ነው? ደንበኛ መጥቶ ነው? ወይስ ሌላ ነገር ነው? ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀሁ። የሱቁን አምፖል ቀንም አላጠፋውም። መጋዙ ዝም ሲል ቀና ብዬ አየዋለሁ። አምፖሉ ከጠፋ መብራት ሄዷል፤ ቁጭ እላለሁ። አምፖሉ እየበራ መጋዙ ዝም ካለ ብድግ ብዬ በመሐል ባለችው ትንሽ በር አጮልቄ እጁን አየዋለሁ። ሁለቱም እጆቹ ካሉ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አንድ ገጽ እንዲህ እየተነሣሁ ሳነብ ይረፍዳል። ደንበኞቼ ፊኛዬን የሚያመኝ ይመስላቸዋል። አንዲት መምህርት ተልባ ጠጪ ብላ መከረችኝ፤ እንዳይከፋት ጠጣሁ።

ዘዴዬ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። መብራት ሲሄድ ቁጭ ማለቴ ስሕተት ነበር። መነሣት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ምክንያቱን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። እዚህ አገር መብራት መሄዱ አይደለም ወሬው፣ መምጣቱ ነው። ሌላው ሰው መምጣቱን እንዲያውቅ ራዲዮኑን ከፍቶ ይተዋል። አናጢዎቹ ደግሞ መጋዙን ከፍተው ይተዋሉ። ማብሪያው እንደበራ፣ ሶኬቱ እንደተሰካ። መብራት ሲመጣ መጋዙ በራሱ ጊዜ ተነሥቶ ይጮሃል፤ «መጣ!» ይባላል፤ ሁሉም ከተቀመጠበት ይነሣል። ሙሉቀንም ይህንኑ ከጓደኞቹ ለመደ። ይባስ ብሎ መብራት የሄደበት ሰዓት ለእሱ የጽዳት ሰዓት ነው። ጊዜ ላለማባከን ብሎ ይንበረከክና ከጠረጴዛው ሥር ምላጩን የከበበውን ሰጋቱራ በእጁ ይጠርጋል። ከተማው ሁሉ መብራት መምጣቱን በሚሰማበት ማሽን ውስጥ እጁን ከትቶ መብራት ይጠብቃል።

አንተ መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ ሶኬቱን ነቅለህ ጫፉን የኮትህ ኪስ ውስጥ ትከተው ነበር። ከዚያ ነው እጅህ ከጠረጴዛው ሥር የሚገባው። ከማሽኑ ጋር በገመድ የታሰርክ ትመስል ነበር፤ አንድ ጊዜ ረስተኸው ለምሳ ስትነሣ ገመዱ ጎትቶ መለሰህ። የዚያን ቀን ስቄብሃለሁ። «ኪሴ ውስጥ እያለ ማን ይሰካዋል?» ብለህ ነበር የመለስክልኝ፣ ፊትህ ሳይፈታ።

የመጀመሪያ ቀናችን ትዝ ይልሃል? ለሱቄ መደርደሪያ ላሠራ መጥቼ፣ ጣውላውን ስትገፋ ከኋላህ ቆሜ ነበር። መጋዙን አጥፍተህ ምላጩ እስኪቆም ጠበቅክና «እዚያ አትቁሚ፤ እንጨት ወደ ኋላ ይመታል» አልከኝ። መጻሕፍት ውስጥ ወንዶች ለሴት የሚናገሩትን የመጀመሪያ ቃል ብዙ አንብቤያለሁ፤ ይኸኛውን የመሰለ አላጋጠመኝም። ቀጥሎ ምላጩ እንዳይጠልፈው ጋቢዬን በር ላይ ሰቅዬ እንድገባ አዘዝከኝ። የደብረ ማርቆስን ብርድ ታውቀዋለህ። ብርድ ብርድ እያለኝ ቆሜ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጋቢው ጫፍ የሚጨነቅ ሰው አገባለሁ ብዬ አላሰብኩም። ቢላ እንኳ በእጄ አቀብለኸኝ አታውቅም፤ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ አነሣዋለሁ። ዘመዶቼ የተጣላን ይመስላቸው ነበር።

እንግዲህ የነገሩን ልብ ልንገርህ። ጥር ውስጥ ነው፣ ሰርግ በበዛበት ሰሞን። ከደብረ ኤልያስ አንድ አዛውንት የልጃቸውን የሰርግ ቁም ሣጥን ሊያስጨርሱ መጥተው ሙሉቀን አጠገብ፣ ጣውላ ክምር ላይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሳጥኑ እስኪያልቅ አልነሣም ያሉ ነው የሚመስሉት። መጋዙ ዝም አለ። አምፖሌን አየሁ፤ ጠፍቷል። እንደ ልማዴ ልቀመጥ ስል በትንሿ በር የሙሉቀንን ጫማ ሁለት ተረከዝ ብቻ አየሁ። ተንበርክኳል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ተጠንቀቅ ብዬ ብዙ ቀን ነግሬዋለሁ፣ ብዙ ቀን «እሺ እታለም» ብሎኛል። የዚያን ቀን መንገር ሰለቸኝ። መጽሐፌን በጣቴ እንደያዝኩ ገባሁና ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

ሙሉቀን ከጠረጴዛው ሥር አንገቱን ብቻ አወጣ። «እታለም፣ ምን አደረግሁሽ? ሰው ፊት እንዲህ ይደረጋል? ሕፃን ነኝ?» አለ። ሰው ፊት መዋረድ እንደማይወድ ታውቃለህ። አዛውንቱ ነገሩ የባልና ሚስት ጠብ መስሏቸው «ተው አንተ ልጅ፣ ሴት ከተነሣች አትመለስም፤ ሳጥኔን ጨርስልኝ» አሉ። ዋርሳዬ ነው ብዬ ላስረዳቸው ስል እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። እኔ ደግሞ ሶኬቱን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ። መልሼ አልሰካው፣ መሬት አልጥለው። ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ መሄድ አልችልም፤ ገመዱ አጭር ነው። ስለዚህ ሦስታችንም ባለንበት ቀረን፤ እኔ ታስሬ፣ እሱ ተንበርክኮ እየተቆጣ፣ አዛውንቱ ስለ ሰርጉ እያጉረመረሙ። ሙሉቀን ንዴቱ ሳይበርድ እጁ ከምላጩ ጥርስ አልወጣም ነበር። ሲቆጣ እጁን የት እንዳስቀመጠ የሚያስታውስ ሰው አላየሁም።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ጮኸ። ከኋላዬ አምፖሌ በራ።

መጋዙ አልተንቀሳቀሰም። ማብሪያው እንደበራ ነበር፤ ሶኬቱ ግን እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ሙሉቀን አምፖሉን አየ። ቀጥሎ ወደ ክንዱ ቁልቁል አየ፣ እጁ እስከሚጠፋበት ድረስ። እጁን ያወጣው ቀስ ብሎ ነው፣ የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው። ጣቶቹን ዘረጋቸው፣ አጠፋቸው። አዛውንቱ አማተቡ፤ ተነሡና ጋቢያቸውን አውልቀው ራቅ አድርገው ከበሩ ላይ ሰቀሉት፤ ማንም አላዘዛቸውም። ተመልሰው ተቀመጡና «ታዲያ ለሰርጉ ይደርሳል?» አሉ።

«ይደርሳል አባባ» አለ ሙሉቀን። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አምጪው በይ» አለኝ። መስጠት አልቻልኩም። እምቢ ብዬ አይደለም፤ እጄ ከኪሴ አልወጣ አለኝ። ቆሞ ጠበቀኝ። በመጨረሻ ራሱ እጁን ኪሴ ከትቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸውና ወሰደው። ሱቄ ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። ገልብጬ ይዤው እንደነበር ያወቅሁት ሲመሽ ነው።

ሳጥኑ ደረሰ። አዛውንቱ ከሰርጉ በኋላ አንድ ወጠጤ ይዘው መጡ፤ ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ ግድግዳው አጠገብ አስረውት ሄዱ። ሙሉቀን የእኔ ነው አለ፣ እኔ የእኔ ነው አልኩ፣ በኋላ አብረን በላነው።

ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ይነቅላል። ኪሱ ይከተዋል፣ ልክ እንደ አንተ። ለሌሎቹ አናጢዎችም ያስተምራል፤ «ይህን ዘዴ ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ አስቤበት ነው» ሲል በትንሿ በር ሰምቼዋለሁ። ላርመው አልገባሁም። አንተም ብትኖር አታርመውም ነበር፤ ከማን እንደተማረው ሳይሆን መንቀሉን ነበር የምታየው። ባለፈው ሰሞን ሁለት ጓደኞቹን ገመዱ ከኪሳቸው ተንጠልጥሎ አየኋቸው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከማሽን ጋር የሚታሰሩ ወንዶች እየበዙ ነው።

ታዲያ ለምን አልረጋሁም ትለኛለህ። መከለያው አሁንም ከዶሮዎቹ ዘንድ ነው። ጣውላ ሲያጥር መግፊያ እንጨት አንሥቶ እንዲገፋው ብለምነው፣ እጁ ከእንጨት ይሻላል ይለኛል፤ እጅ ያውቃል ይላል። ብርዱ ሲበረታ አንድ ደንበኛ የሰጠውን የሱፍ ጓንት አድርጎ መጋዝ ላይ ሲቆም አገኘሁት፤ ጓንቱን ምላጩ ከያዘው እጁንም ይዞት እንደሚገባ ስነግረው ሳቀና አወለቀው፤ እስከ ነገ። አንዱን ነገር ሲማር ሌላውን ይጀምራል። አንተ አንድ ነገር አልነበርክም፤ ሁሉንም ነበርክ። አሁን ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን ከግድግዳው ማዶ ምንም ሳይሆን የዋለው ነገር ሁሉ የአንተ ሥራ ነበር፣ እኔ ደግሞ ምንም አልሆነም ብዬ መጽሐፌን አነብ ነበር።

እሱም ያው ልጅህ ነው፤ አሳድገኸዋል። ልጅ ሊወልድ ነው፤ ሚስቱ በጥቅምት ትገላገላለች። ያንን ሕፃን በሁለት ሙሉ እጁ እንዲያቅፈው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም። በዚህ ዕድሜዬ የምፈልገው ነገር ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ይህን ያህል እንቅልፍ መንሣቱ ይገርመኛል።

አስማረ፣ ፎቶህን ግድግዳ ላይ አልሰቀልኩም፤ ሰው ፎቶ ለምዶ ማየት ይተዋል። እኔ አንተን የማስብበት ሌላ መንገድ አለኝ። መጋዙ ዝም ባለ ቁጥር አስብሃለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ ዝም እንደሚል አንተ ታውቀዋለህ። ብድግ እላለሁ፣ አምፖሉን አያለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ እጁን አያለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ያ ጸጥታ ሲመጣ ሳላስብህ አላልፈውም። ይህን ቃሌን ያዝልኝ።

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ለዓመታት ከሰማሽው ጩኸት ነው አሉኝ፤ በግድግዳው በኩል ያለው ጆሮዬ ከእንግዲህ አይሰማም፣ ሌላውም እየተከተለው ነው።