ለያሆዴ የሚደርስ እጅ

ሰኔ 11
ዝናብ። ጎመን ቀነጠስኩ፣ ጨረስኩ፣ ተቀመጥኩ። ልብ ስል... አውራ ጣቴ ደምቷል። መቼ ጀመርኩት? ቆዳዬን ስልጥ አያመኝም፣ ሳቆም ነው የሚያመኝ።
ባሌ ሽብሩዬ ቢኖር አይቆጣኝም ነበር። ሬዲዮውን እየሰማ መዳፉን እጄ ላይ ጣል ያደርጋል። በቃ፣ እተወዋለሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ ማን ይያዝልኝ?

ሰኔ 14
ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ ቅቤ የምናጠራቅም የማኅበራችን ሴቶች መጡ። ጎረቤቴ እታለም ጣቶቼን አየች።
"እቴ፣ በዚህ እጅሽ ነው ለያሆዴ አተካና የምትሠሪው?"
"በእግሬ ልሥራው?"
ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "ቁስል ያለበት እጅ ቅቤያችን ውስጥ አይገባም። ካልዳነ ሌላ ሰው ይሠራል።"
እውነቷን ነው። ግን ከአማቴ የተረከብኩት ሥራ ነው እኮ። ድሮ ሌሞ ገጠር ሳለን ለአተካናው ቡላውን በቅቤ ሳሽ ሽብሩ በሩ ላይ ቆሞ "ደረሰ?" ይላል። ትልቅ ሰውዬ፣ እንደ ልጅ... አሁን ይህን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ?

ሰኔ 20
የልጅ ልጄ ማራኪ ከዱራሜ መጥታ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ገና ጢም አላበቀለም። "እማማ፣ ይሄ ሕመም ነው" አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ "ክፉ አመል" ስባል... አሚኖ አሲድ የሚሉት እንክብል አለ፣ እንሞክረው አለ። ሁሉንም ሰው አይረዳም፣ ቶሎም አይሠራም። እንቁላል ውስጥ ካለው ጋር ይዛመዳል አለ።
"ታዲያ እንቁላሉን ብበላስ?"
"አይበቃም፣ እማማ።"

ሰኔ 27
መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ መጣ። ከፈትኩት... የከረመ እንቁላል ሸተተኝ። ይሄን ማን ይውጣል? ደግሞ የቆሰለው ጣቴ፣ ሆዴ ምን አደረገ? እንክብሉን ፈልቅቄ ዱቄቱን በቅቤ ለወስኩት፣ ቀባሁት። እኛ ለምኑ ነው ቅቤ የማንቀባ?

ሐምሌ 9
ማራኪ ገና ከበር አፍንጫዋን ያዘች።
"እማማ፣ ምን ሞቶ ነው?"
ጣቴን ደበቅኩ። አገኘችው።
"የሚዋጥ ነው እኮ። ቁስሉን አይደለም የሚያክመው፣ እጅሽን የሚልከውን ጭንቅላትሽን ነው።"
"ጭንቅላቴንማ ቅቤ ስቀባው ነው የኖርኩት።"
ልትቆጣ ፈልጋ ሳቋ አመለጣት። እዚያው እፊቷ አስዋጠችኝ።

ነሐሴ 4
እየዋጥኩ ነው። ምንም ለውጥ የለም። ትናንትም ደማ። እታለም ቡላ እየገዛች ነው አሉ... ለማን?

ነሐሴ 28
ጸሎት ቤት ስብከቱ ረዘመ። ድሮ ቢሆን ይሄኔ አንድ ጣት ጨርሻለሁ። ዛሬ እጄ ወደዚያው ሄደ፣ ደረሰ... ቆመ። ማንም አልያዘውም። ዞር ብዬ ጎኔን አየሁ። ሞኝ ነኝ። ማንን ልፈልግ?

መስከረም 16
ያሆዴ። እታለም ጣቶቼን አንድ በአንድ ገልብጣ አየች፣ የገበያ ዶሮ ይመስል። ጠባሳ አለ፣ ቁስል የለም።
"ታጠቢና ግቢ" አለችኝ። ቡላውን የገዛችው ለእኔው ኖሯል። አፏ ነው እንጂ...
ቅቤው ጣቴ ላይ ቀለጠ። የሌሞ ቤታችን ሽታ መጣ። ማራኪ በሩ ላይ ቆመች፣ ትከሻዋን መቃኑ ላይ ጥላ፣ ቁርጥ አያቷን።
"ደረሰ?"
ማን አስተማራት?
"አልደረሰም" አልኳት።
ደርሶ ነበር። እዚያው ትንሽ እንድትቆምልኝ ብዬ ነው።