ፊቷን ያዞረችው ሦስተኛ ቀለበት

ማክሰኞ፣ የጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ

ለማትናፈቂው እህቴ፣

እንደምን አለሽ አልልሽም። ደህና ባትሆኚ ኖሮ እቃ ለመላክ ጉልበት አይኖርሽም ነበር። እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ዳቦ ቤቱም፣ አንቺ በሩን አላትመሽው ስትወጪ ከላላው ማጠፊያ በቀር፣ ደህና ነው። ማጠፊያውን እስካሁን አልጠገንኩትም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጮኻል፤ ድምፁ ቁርጥ ያንቺ ነው።

የላክሽው ካርቶን ደረሰ። እማዬ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በጥፍሯ ነው የከፈተችው። ባለ ሦስት ፌዝ የመብራት ቆጣሪ ወጣ። ካርቶኑን ገለበጠችው፣ አራገፈችው፣ ስፖንጁን ሁሉ ነቅላ አየች።

"ሌላ የለውም?" አለችኝ።

"የአጠቃቀም መመሪያ አለው፣ በስድስት ቋንቋ።"

"የሷ ነገር የለውም ወይ ነው ያልኩህ።"

እንግዲህ ይኸውልሽ፤ በስድስት ቋንቋ አንዲት "እማዬ" የምትል ቃል ጠፋች። ካርቶኑን ዱቄት ሞልቼ ልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ ዱቄቱ አሳዘነኝ።

ቆጣሪውን ግን የግድ ፈልገነው ነበር። ሁለቱ ምድጃዎችና የሊጥ ማቡኪያው ሞተር እኩል ሲነሱ ዋናው ብሬከር እንደሚወርድ ታውቂያለሽ። በእጅ እናፈራርቃቸው እንዳንል ምድጃዎቹ ሲቀዘቅዙ በራሳቸው ይነሳሉ። ያንን የመቆጣጠሪያ ሳጥን ግድግዳው ላይ የሰቀልሽውም ለዚሁ ነው፤ በየፌዙ፣ በየኃይል መስመሩ፣ ያለውን ጭነት እያየ "አንተ ቆይ፣ አንተ ግባ" እያለ ተራ ያስይዛቸዋል ብለሽ ነበር። ታዲያ የሚያይበት ቆጣሪ ሳይመጣ ከእማዬ ጋር ተጣላችሁ። እሷ በሠራተኛ ፊት "ያ ሳጥንሽ ዳቦ አይጋግርም" አለችሽ፣ አንቺ በሩን አላተምሽባት፣ ሳጥኑም ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚጠብቅ ዘበኛ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ።

ሰሞኑን ብሬከሩ ደጋግሞ ወርዶ የሆስፒታሉ ዳቦ ጥሬ ሆኖ ቀረ። የግምጃ ቤታቸው ኃላፊ መጥቶ እማዬን "አንዴ ከደገማችሁ ሌላ ዳቦ ቤት እንይዛለን" አላት። ሆስፒታሉ ከሄደ ዳቦ ቤቱ እንደሚዘጋ ለአንቺ አልነግርሽም። ስለዚህ ክብሬን ዋጥ አድርጌ ያንቺን እቃ ለማስገባት ተነሳሁ።

የሰፈሩን ኤሌክትሪሺያን፣ አቶ ይቻላልን ጠራሁ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ምን ብትጠይቂው መልሱ "ይቻላል" ነው፣ የማይቻለውንም ጭምር። ዋናውን አጥፍተን ሦስቱን ፌዝና ኑትራሉን ከቆጣሪው ጋር ማሰር ጀመርን። ካቻቢቴው ሽቦውን ሲነካ ከኋላው "ዝዝዝ" አልኩ። ሰውዬው ከበርጩማው ዘሎ ሊጥ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ።

"ጠፍቷል እኮ" አልኩት።

"እኔ አውቃለሁ፤ ልቤ ግን አያውቅም" አለኝ።

በሦስቱ ኬብሎች ላይ ቆልፈሻቸው የሄድሽው፣ የሚያልፈውን ኮረንቲ የሚለኩት ቀለበቶች፣ የሽቧቸው ጫፍ በናስትሮ እንደተጠቀለለ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ በማርከር ጽፈሽባቸዋል፤ በየቁጥራቸው ሽቦዎቹን ቆጣሪው ውስጥ አስገባን። ከቆጣሪው ወደ ሳጥንሽ ወሬ የሚያመላልሱትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ሲያገናኝ ቀይ መብራት በራ። አቀያየራቸው፤ አረንጓዴ ሆነ። "ብዬህ ነበር" አለ፣ ምንም ሳይለኝ።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ቁጥር መጣ። ሦስተኛው የመቀነስ ምልክት አለበት።

"ይሄስ?"

"ትርፍ ነው። እናትህ ለመንግሥት መብራት እየሸጠች ነው።"

እኔም ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር በሰላም የተለያየሁ ሰው ስለሆንኩ አመንኩት። ለሙከራ ሁሉንም አበራን። ሳጥንሽ ሦስተኛው ፌዝ ላይ ቦታ ሞልቷል ብሎ ሁለቱንም ምድጃና ማቡኪያውን አንድ ላይ ለቀቃቸው። ብሬከሩ ወረደ። የሆስፒታሉ ዳቦ በማግስቱ ጠዋት ነው። አቶ ይቻላል ካቻቢቴውን ሰብስቦ "ይቻላል፣ ግን በሌላ እቃ" ብሎን ሄደ። ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም። ያኔ ከልቤ ጠላሁሽ። አሁንም አልወጣልኝም።

ይበልጥ ያናደደኝ፣ በዚያ ንዴት መሀል የመጣብኝ ያንቺው ድምፅ ነው፣ ባወጣሽልኝ ስም እየጠራኝ፦ "ሾርት፣ ግራ ሲገባህ ሁሉን አጥፋና አንድ ባንድ አብራ።" አጥፍቼ ማቡኪያውን ብቻ አበራሁ። አንደኛው ፌዝ ይደመራል፣ ሁለተኛው ይደመራል፣ ሦስተኛው ይቀነሳል። አንድ ሞተር በአንድ አፉ እየበላ በሌላው አይተፋም። መሰላል ላይ ወጣሁ። በሁለቱ ቀለበቶች ላይ የታተመው የኮረንቲ መሄጃ ቀስት ወደ ታች፣ ወደ ማሽኖቹ ያመለክታል። የሦስተኛዋ ወደ ላይ።

"ኢንጂነሯ ገልብጣ ቆልፋታለች" ብዬ ጮህኩ። ተሳስተሽ በማየቴ እንዴት እንዳማረብኝ ባየሽ።

እማዬ ሊጥ እያድቦለቦለች፣ ቀና ሳትል፣ "እሷ አይደለችም" አለች።

"ታዲያ ማነው?"

"እኔ ነኝ። ፊቷን አዙራብኝ ነበር።"

"ማን?"

"ሦስቷ። አንድና ሁለት ከዚህ ሆኜ ይታዩኛል። ሦስትን ወደ ጣሪያው በኩል ነው የጻፈችው። በርጩማ ላይ ወጣሁና ገለበጥኳት።"

"እማዬ፣ ኮረንቲ እኮ ነው።"

"ጽሑፍ ነው" አለችኝ።

ገባሽ? ሥራዋን ስትሠራ ቀና ብላ ያንቺን የእጅ ጽሑፍ እንድታይ ብላ ነው። የሆስፒታሉን ዳቦ ልናጣ የነበረው በዚህ ነው።

ቀለበቷን ከፍቼ ወደ ነበረችበት መለስኳት፤ መቀነሱ ጠፋ። ጠዋት ሁለተኛው ምድጃ ተራውን ጠብቆ ተነሳ፣ ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም፣ የሆስፒታሉ መኪና ዳቦውን ጭኖ ሄደ። እማዬ ሳጥኑን በንጹህ ፎጣ ጠረገችው፣ ያንኑ ዳቦ አይጋግርም ያለችውን። ይቅርታ መጠየቋ ነው፤ ለሳጥን ይቀላታል።

ሦስቷ ግን ወደ ጣሪያው ዞረች። ስለዚህ ማርከር ይዤ ወጣሁና በታችኛው ፊቷ ያንቺን አስመስዬ ሦስት ጻፍኩ። የአስተማሪ ፊርማ ስፈርም ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እጄን አታሚውም። እማዬ ቀና ብላ አየችው። እጇ ሊጡ ላይ ቆመ።

"ይሄ የሷ አይደለም" አለች። "የሷ ሦስት ሆዷ ይተልቃል።"

ከዚያ ወዲህ ሊጡን የምታድቦለብለው ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ነው።

ስለዚህ ስሚኝ። ናፍቀሽን አይደለም፣ እንዳትኮሪ። መጥተሽ አንድ ቁጥር ጻፊና ሂጂ። ሻይ አናፈላልሽም፣ ተቀመጪም አንልሽም። ማርከር እኔ አለኝ። መሰላሉን እይዝልሻለሁ፤ አልነቀንቀውም፣ ወይ ትንሽ ብቻ።

ጤናውን ይስጥሽ፣ ስድቤን የምትችይበት።

ሾርት ያልሽው ወንድምሽ

የበሩን ማጠፊያ ግን አልነካውም። ስትገቢ እማዬ ሳትዞር እንድትሰማሽ።